«ስልክ ቁጥርሽን ንገሪኝ»

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ልጽፍ ነው፤ ጊዜ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ባለጉዳይዋን አስፈቅጃለሁ፣ ስሟን ግን አልጠራም።

ባለፈው ሳምንት የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ አልቆ ልጆቹ ሲወጡ አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪዬ ወደ ኋላ ቀረች። «ቲቸር፣ ስልክ ቁጥር ሳይሰጡ ብር መቀበል ይቻላል?» አለችኝ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። ስለ ቢትኮይን ሰምታ የመጣች መስሎኝ ጠመኔ አንስቼ ላስረዳ ዞር ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጅቷ ከገጠር መጥታ እዚህ መሐል ሜዳ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ከአንድ ወር በፊት ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ አንድ ሱቅ ገብታ 100 ብር ሰጠች። ልጁ «ዝርዝር የለኝም፤ ስልክ ቁጥርሽን ንገሪኝና መልሱን ልላክልሽ» አላት። ሁላችንም በየቀኑ የምንሰማው ነው። ሰው በቆመበት ጮክ ብላ ነገረችው። መልሱ ወዲያው ገባላት። ማታ ስልኩ ጮኸ። ከዚያ ማታ ጀምሮ አላቆመም። ይደወላል፣ መልእክት ይላካል፣ «የት እንደምታድሪ አውቃለሁ» እስከ መባል ደረሰ። የሱቁ ልጅ ይሁን ከኋላዋ ቆሞ የሰማ ሌላ ሰው፣ አታውቅም።

«ታዲያ ቁጥሩን አትቀይሪውም?» አልኳት። አባቷ የቤት ኪራይና የአስቤዛ የሚልክላት በዚያው ቁጥር ነው። ልቀይር ብትል «ለምን?» ይላል። ምክንያቱን ከሰማ ደግሞ «በቃ ይቅርብሽ፣ ነይ ግቢ» ነው የሚላት። ሴት ልጅ ትምህርት አቋርጣ ቤት ከገባች በኋላ ምን እንደሚከተል ለመንዝ ሰው አልነግርም።

ያን ቀን ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሲጀመር ከሁሉ በላይ የወደድኩት ቀላልነቱን ነበር። ረጅም የሒሳብ ቁጥር መሸምደድ ቀረ፣ ስልክህ ራሱ ሒሳብህ ሆነ። ስማርት ስልክ የሌለውም *127# ደውሎ ይልካል፣ ይቀበላል። እናቴ እንኳ ለምዳዋለች። ግን ስልክ ቁጥር የገንዘብ አድራሻ ብቻ አይደለም። ሰው የሚደውልልህም በእሱ ነው፣ ቴሌግራም ላይ የሚፈልግህም በእሱ ነው። ጥቂት ብር መልስ ለመቀበል ስትል ሁሉንም በር ትከፍታለህ።

ልጅቷ የጠየቀችኝ ጥያቄ እኮ የዓለም የኮምፒውተር ሊቃውንት ዓመታት የለፉበት ነው። ቢትኮይን እ.ኤ.አ. በ2009 ሲጀመር አድራሻው ስም የለውም፤ መዝገቡ ግን ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው። አንድ ጊዜ ያ አድራሻ የአንተ መሆኑ ከታወቀ ከማን እንደተቀበልክ፣ ለማን እንደከፈልክ፣ ስንት እንደቀረህ ማንም ቁጭ ብሎ ያነበዋል። ይህን ለመሸፈን በ2014 ሞኔሮ፣ በ2016 ደግሞ ዚካሽ የሚባሉ ገንዘቦች መጡ። ሞኔሮ ላኪውንም፣ ተቀባዩንም፣ መጠኑንም ይሸፍናል። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል አድራሻ ከውስጥ ስለሚፈጥር፣ መዝገቡን የሚያይ ሰው የእገሌ ነው ማለት አይችልም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የሞኔሮ አድራሻ 95 ፊደልና ቁጥር ነው! እስኪ በገበያ ቀን፣ በዚያ ብርድ፣ ባና ለገዛችሁት ሰው 95 ፊደል ንገሩት። ስለዚህ አድራሻውን ለማሳጠር ሌላ ትግል ተጀመረ። ረጅሙን ቁጥር በአንድ አጭር ስም የሚተኩ አሠራሮች መጡ። ኢቴሪየም ላይ ከ2017 ጀምሮ ያለው እንዲህ ነው። ግን እዚያም መዝገቡ ክፍት ስለሆነ፣ ስሜን አውቀህ ከላክልኝ ጓዳዬንም አየህ ማለት ነው። አጭሩ አድራሻ ያጋልጣል፣ ረጅሙ ያደክማል።

ከሁሉ የገረመኝ የሞኔሮ ንዑስ አድራሻ የሚባለው ነው። አንድ ቦርሳ ይኖርሃል፤ ለአባትህ አንድ አድራሻ፣ ለባለሱቁ ሌላ አድራሻ ትሰጣለህ። ሁሉም እዚያው ቦርሳ ይገባል፣ አንዱ ግን የሌላውን አያውቅም። ልጅቷ የምትፈልገው ይህንኑ ነበር።

እንግዲህ «ሞኔሮ ግዢ» አልኳት? አላልኩም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑን፣ ክሪፕቶ ለክፍያ እንዳይውል አስታውቋል። ዋጋው ዛሬ ወጥቶ ነገ ይወርዳል። የቦርሳው ማስመለሻ 25 ቃላት ከጠፉባችሁ ስልካችሁም ከተበላሸ፣ አቤት የምትሉበት ቢሮ የለም። ደግሞም እውነቱን እንነጋገር፤ የተሸፈነ ገንዘብ ለዚያች ልጅ እንደሚመች ሁሉ ሰው አግቶ ብር ለሚጠይቅም ይመቻል። ይሄ በዚህ ዘመን ለእኛ ተረት አይደለም።

ቢሆንም «የምትደብቀው ከሌለህ ምን ያስፈራሃል?» የሚሉኝን አልቀበልም። እናቴ ባና ሸጣ ብሩን በመቀነቷ ቋጥራ ስትመለስ ስሟን የጠየቃት ገዢ አልነበረም። የወረቀት ብር ስም አይጠይቅም። በስልክ መክፈል ስንጀምር ያጣነው ይህንን ነው፤ ማጣታችንንም ማንም አልነገረን።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለነጋዴው መክፈያ የሚሆን አጭር ቁጥርና ኪውአር ኮድ አለለት፤ የግል ስልኩን ሳይሰጥ ይቀበላል። በቁልፍ ስልክ መልሷን የምትጠብቀው ተማሪ ግን ከስልክ ቁጥሯ ሌላ የምትሰጠው የላትም።

በማግስቱ ከአንዲት መምህርት ጋር ሆነን ባለሱቁን ጋሼን አናገርናቸው። ደነገጡ፤ «ልጆቼ ናቸው እኮ» አሉ። ከእንግዲህ የተማሪ መልስ በስልክ እንዳይላክ ተስማማን። ዝርዝር ከጠፋ በደብተር ይያዛል። ልጅቷ «ስማችንም አይጻፍ፣ ቁጥር ይሰጠን» አለች። እሷ 17 ቁጥር ሆነች። «17፣ 60 ብር» ተብሎ ይጻፋል፣ በሚቀጥለው ኮፒ ይታሰብላታል። ሁለት አሃዝ ያለው አድራሻ!

ሁሉም ተፈታ አልልም። አዲስ ሲም አወጣች፤ አሮጌውን አባቷ ብር በሚልክበት ቀን ብቻ ነው የምትከፍተው። በከፈተች ቁጥር ያመለጡ ጥሪዎች ተደርድረው ይጠብቋታል። የሚደውለው ማን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም። ትምህርቷን ግን አላቋረጠችም፤ ትናንት ፊት ወንበር ላይ ነበረች።

እናንተ ባለሱቆች፣ እባካችሁ ዝርዝር ያዙ። ከያዛችሁም በኋላ አንዲት ልጅ ስልክ ቁጥሯን ለመናገር ስታመነታ ካያችሁ አታስገድዷት። ወላጆችም፣ ልጃችሁ ቁጥር ልቀይር ስትላችሁ «ነይ ግቢ» ከማለታችሁ በፊት «ማን አስቸገረሽ?» በሏት።

ቸር ያሰማን።