የባሕር ማዶ ታይፕ ሬቲንግ በአገር ቤት

ታይፕ ሬቲንግ፣ ማለትም አብራሪው እንደ ቦይንግ 737 ያለ አንድን የአውሮፕላን ዓይነት ለማብረር ብቁ መሆኑን የሚያሳይና በበረራ ፈቃዱ ላይ የሚሰፍር ማረጋገጫ፣ በባሕር ማዶ ሲሙሌተር፣ ይኸውም የአብራሪዎችን ክፍልና የበረራውን እንቅስቃሴ አስመስሎ በሚያሠለጥን መሣሪያ፣ ሊገኝ ቢችልም፣ በአገር ቤት ተቀባይነት የሚያገኘው በራሱ አይደለም። የ1944ቱ (እ.ኤ.አ.) የቺካጎ ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አንቀጽ 33 አውሮፕላኑ የተመዘገበበት አገር የሰጠውን፣ ዝቅተኛውን መስፈርት ያሟላ ፈቃድ ሌሎች አባል አገሮች እንዲቀበሉ ሲያዝ፣ አንቀጽ 32 ግን እያንዳንዱ አገር ለገዛ ዜጋው በሌላ አገር የተሰጠን ፈቃድ በራሱ ግዛት ላይ ለሚደረግ በረራ ላለመቀበል ያለውን መብት ይጠብቅለታል፤ ስለዚህም፣ ነገሩ ግራ ቢያጋባም፣ እንግዳው አብራሪ በሚያልፍበት ሰማይ የአገሩ ልጅ ሊታገድ ይችላል። ሠልጣኙ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ትምህርት ቤቱ ብቻ ሳይሆን ሲሙሌተሩና ፈታኙም በአገሩ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ዘንድ ተቀባይነት እንዳላቸው በጽሑፍ ማረጋገጥ ይኖርበታል።