ከብርሃን ኋላ የሚከተል ማዕበል

ጫሞ ሐይቅን አይቶ የማያውቅ የአርባ ምንጭ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ወደ አዞ ገበያ የሚሄደው ሞተር ጀልባ ውሃውን ሰንጥቆ ሲያልፍ ማዕበል ከኋላው ይከተለዋል፤ የተገፋው ውሃ ወደ ቦታው ሲመለስ ልኩን እያለፈ ከፍ ዝቅ ይላልና። እኔ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን በውሃ ፈንታ በፕላዝማ፣ በጀልባ ፈንታ በብርሃን ስለሚነሣ ማዕበል ነው።

ፕላዝማ ማለት ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ የተለዩበት ጋዝ ነው። እጅግ አጭርና ብርቱ የሆነ የሌዘር ብርሃን በውስጡ ሲያልፍ ቀላሎቹን ኤሌክትሮኖች ከመንገዱ ይገፋቸዋል፤ ከባዶቹ አዮኖች ግን ከስፍራቸው እምብዛም አይነቃነቁም፤ የሸሹትንም መልሰው ይስባሉ። ስለዚህ ከብርሃን ፍጥነት ጥቂት ብቻ የሚያንስ ማዕበል ከሌዘሩ ኋላ ይሮጣል። በተገቢው ጊዜ በዚህ ማዕበል ላይ የተሳፈረ ኤሌክትሮን በጥቂት ሳንቲ ሜትር ውስጥ ታላቅ ኃይል ያገኛል።

ይህን ሐሳብ በ1979 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ቶሺኪ ታጂማና ጆን ዳውሰን ናቸው። በዚያን ጊዜ ግን ለሥራው የሚበቃ ሌዘር አልነበረም፤ ብርሃኑ ሲበረታ የሚያጎለብተውን መሣሪያ ራሱን ያበላሸው ነበር። በ1985 ዶና ስትሪክላንድና ዤራር ሙሩ ብልሃት አገኙ፤ ይኸውም ብርሃኑን አስቀድሞ በጊዜ መዘርጋት፣ ተዘርግቶ ሳለ ማጎልበት፣ በመጨረሻም መልሶ ማሳጠር ነው። ከነገሩ ሁሉ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መሥራቱ! በ2018 በዚሁ ሥራ የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆኑ። በ2019ም በአሜሪካ አገር የበርክሌይ ሊቃውንት በ20 ሳንቲ ሜትር ፕላዝማ ውስጥ 7.8 ቢልዮን ኤሌክትሮን ቮልት ማግኘታቸውን አስታወቁ። በተለመደው የብረት መኪና ቢሆን ለዚህ በመቶ የሚቈጠር ሜትር ያስፈልግ ነበር።

ይህን ሁሉ እንዳነብ ያደረገችኝ የጨንቻዋ አክስቴ ናት። ዕጢ ወጥቶባት ለጨረር ሕክምና አዲስ አበባ ሄዳ፣ ተራዋ እስኪደርስ አራት ወር በዘመድ ቤት ተቀመጠች። የጨረሩ መኪና የሚሠራው ኤሌክትሮን በማስሮጥ መሆኑን የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ፣ «እንግዲያስ ይህ አዲሱ መኪና አርባ ምንጭ መግባቱ ነው» ይሉኛል። እኔ በዚህ አልስማማም። የሆስፒታል መኪና የሚፈልገው እስከ 20 ሚልዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ነውና ቱቦው ዛሬም አጭር ነው፤ ብርቱው ሌዘር ግን ራሱ ሰፊ አዳራሽ ይሞላል። ተስፋዬ በሌላ በኩል ነው። ከ100 ሚልዮን በላይ የደረሱ ኤሌክትሮኖች በሰውነት ውስጥ ጠልቆ ወደሚገኝ ዕጢ ይደርሳሉ፤ ሊቃውንትም ይህን ለሕክምና ለማዋል እየመረመሩ ነው። ለዚህ ኃይል የብረቱ መኪና ሲረዝም የፕላዝማው አጭር ይሆናል።

አክስቴ ዛሬ ደኅና ናት። ነገሩን ሁሉ በጀልባው አስመስዬ ሳስረዳት ቡናዋን እያፈላች በጸጥታ ሰማችኝና፣ «ልጄ፣ ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል?» አለችኝ። ለዩኒቨርሲቲ የትምህርት ምርጫዬን በሞላሁበት ወረቀት ላይ በመጀመሪያው መስመር ፊዚክስ ብዬ ጽፌአለሁ።