የበዓል ጌጥና የግቢያችን ውሻ

የገና ሰሞን መርካቶ ሌላ መልክ ትይዛለች። ታኅሣሥ 29 ሲቃረብ በራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ባሉት መንገዶች የፕላስቲክ ጥድ፣ ፊኛ፣ ጥቃቅን አምፖልና ብልጭልጭ ክር የተሸከሙ ነጋዴዎች ይተራመሳሉ። በዛፉ ላይ የሚበተን ጥጥም ይሸጣል፤ በረዶ መምሰሉ ነው። እኛ የምናውቀው በረዶ ግን በክረምት ቆርቆሯችንን የሚደበድበው ነው።

በዚያው በአዲስ ከተማ በምንኖርበት ግቢ ሰባት ቤተሰቦች አሉ። ውሻችን ቡቺ የማንም አይደለም፤ የሁሉም ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፤ ማታ ተፈትቶ ሲጠብቀን ያድራል። ሰባቱም ቤት ያበሉታል፤ ምን እንደ በላ የሚያውቅ ግን አንድም ቤት አልነበረም።

በ2011 ዓ.ም. ከገና በኋላ ቡቺ ምግብ አልቀምስ አለ። ያስመልሰዋል፤ ሆዱን ሲነኩት ያቃስታል። ‹‹የጠላ አተላ ጠጥቶ ነው›› ብለው የሳቁ አልጠፉም። በሦስተኛው ቀን መነሣት ስለ ተሳነው በታክሲ ወደ እንስሳት ሐኪም ተወሰደ። ሐኪሙ በቀዶ ሕክምና ከሆዱ ያወጣው ክንድ ተኩል የሚሆን ብርማ የዛፍ ክር ነበር። ከዛፉ የረገፈው ክር ከማዕድ ትራፊ ጋር በአንድ ፌስታል ታስሮ በር ላይ አድሮ ኖሯል። የዶሮ ስብ የነካው ክር ለውሻ አፍንጫ ከሥጋ አይለይም።

ሐኪሙ እንዳስረዳን የክር ጉዳት ከሌላው ይለያል። አንደኛው ጫፍ በምላስ ሥር ወይም በጨጓራ ሲያዝ አንጀት የቀረውን ወደ ታች ለመግፋት ይታገላል፤ ሲታገልም እንደ ቀሚስ ሽንሽን ይሰበሰባል፤ የተወጠረውም ክር እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ከዚህም የተነሣ ከውሻ አፍ ወይም ከኋላው ክር ተንጠልጥሎ ቢታይ መጎተት አይገባም፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። የአምፖሎቹ ሽቦም ቢታኘክ አፍን ያቃጥላል፤ ሊገድልም ይችላል።

ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ በደግነት የሚወረወርለት ነው። የበሰለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ እንደ መርፌ ይወጋል። ሽንኩርትም ቢበስል እንኳ የውሻን ቀይ የደም ሕዋሳት ይጎዳል፤ ዶሮ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም።

የሕክምናው ወጪ ለሰባት ተካፈለ። ሲያዋጡ ያጉረመረሙ ነበሩ፤ ያላዋጣ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብልጭልጭ ክር ወደ ግቢያችን አይገባም፤ የማዕድ ትራፊም ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይጠራቀማል። በበዓል ቀን አንድ ቤት በተራ የቡቺን ሳህን ይረከባል፤ ሌላው ጉርሻ ሊሰጠው ሲሻ ተረኛውን ማስፈቀድ አለበት። በሸማ ተራ የሚነግዱት አዛውንት ጎረቤታችን ‹‹ከእድሩ ደንብ የከበደ ሕግ አወጣችሁ›› እያሉ ያሾፉብናል። በተራቸው ቀን ግን ሳህኑን ለማንም አያስነኩም።