ሁሉንም ሰማያዊ ቀባቸው

ይህን ቻናል የምትከታተሉ ወዳጆቼ ስለ ክልል አደረጃጀት፣ ስለ በጀትና ስላላለቀ መንገድ ስጽፍ ለምዳችሁኛል። ዛሬ የምጽፈው ስለ ፕላስቲክ ወታደሮች ነው። ትልቅ ሰው በአሻንጉሊት ይጫወታል ብላችሁ ልትስቁብኝ ካሰባችሁ ቀድማችሁ የሳቀችብኝ ሚስቴ አለችና ከኋላዋ ተሰለፉ።

የአክስቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ነው የሚኖረው። ባለፈው ዓመት ለጥምቀት ወደ አገር ቤት ከሚመጣ ሰው ጋር አንድ ካርቶን ላከልኝ። ስከፍተው ቁመታቸው ከትንሿ ጣቴ ግማሽ የማይበልጥ 40 ግራጫ ወታደሮች አገኘሁ። ጥሩር የለበሱ፣ የራስ ቁር የደፉ፣ ጦርና ጋሻ የያዙ፣ ገሚሶቹም በፈረስ የተቀመጡ። በዓለም ላይ ያልነበረ የመካከለኛው ዘመን ጦር ነው፤ ከጠላቶቹ መካከል የሚራመድ አጽምና ክንፍ ያለው አውሬ አለ። ከካርቶኑ ጋር ወረቀት ነበር፦ «አንተ እጅህ ጥሩ ነው። ቀብተህ ላክልኝ፣ በአንዱ ወታደር ሒሳብ እከፍልሃለሁ። ሁሉንም ሰማያዊ ቀባቸው።»

እጄ ጥሩ ነው ያለው ያለ ምክንያት አይደለም። ለ14 ዓመት ጂንካ ውስጥ ታፔላ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ሆቴል፣ ፀጉር ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ የጤና ጣቢያ ማስታወቂያ፣ ምን ያልጻፍኩት አለ። ከዚያ በኮምፒውተር የሚታተመው ባነር መጣና ብሩሼን አስቀመጥኩ። እና ገንዘቡን ፈልጌው ነበር፤ አልዋሽም።

ነገሩ እዚያ አገር የልጆች ጨዋታ አይደለም። የፕሩሲያ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1824 ጦርነትን በካርታና በትናንሽ ቁርጥራጮች መለማመድ ጀመሩ። ኤች ጂ ዌልስ የተባለው ደራሲ በ1913 ለአሻንጉሊት ወታደሮች የጨዋታ ሕግ ጽፎ አሳተመ፤ በዓመቱ እውነተኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ። በ1975 የተመሠረተው ጌምስ ዎርክሾፕ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ በ1983 ዎርሃመር የሚባለውን ጨዋታ አወጣ። ይኸው ኩባንያ በዲሴምበር 2024 በለንደን የአክሲዮን ገበያ ከ100ዎቹ ታላላቅ ድርጅቶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ወታደሮቹ ሳይቀቡ ነው የሚሸጡት። ገዢው ራሱ ቀብቶ ጦር ያደርጋቸዋል፤ ጊዜ የሌለው ደግሞ ለሌላ ሰው ከፍሎ ያስቀባል። እኔ ያ «ሌላ ሰው» ሆንኩ።

ሥራው እንዲህ ነው። ወታደሩን ከፕላስቲክ ፍሬሙ ቆርጠህ የፋብሪካ ትርፉን በምላጭ ትልጋለህ። እጁንና ጦሩን በሙጫ ታጣብቃለህ። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ጥቁር ትቀባዋለህ፤ አለዚያ የሚቀጥለው ቀለም አይይዝም። ከዚያ ልብሱ፣ ከዚያ ብረቱ፣ ከዚያ ፊቱ። ቀለሙ በውሃ መቅጠን አለበት፤ ወፍራም ከሆነ አፍንጫና ዓይን ይደፍናል። አንድ ጊዜ አወፍሮ ከመቀባት ሁለት ጊዜ አቅጥኖ መቀባት ይሻላል። በመጨረሻ በጣም የቀጠነ ጥቁር ቀለም ታፈስበታለህ፤ የልብሱ እጥፋት ውስጥ ገብቶ ጥላ ይሆናል። የመጀመሪያውን ቀን ይህን ሳይ፣ ሰውዬው ድንገት የሚተነፍስ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሳሁ።

ጂንካ ላይ ለዚህ የተሠራ ቀለም አይገኝም። የግድግዳ ቀለም ሸራርፌ ገዛሁ። ለብረቱ የሚስቴን ብርማ የጥፍር ቀለም ወሰድኩ፤ ሳቋ የቆመው ያን ቀን ነው። ለእግራቸው መቆሚያ የጓሯችንን ቀይ አፈር በሻይ ማጥለያ ነፍቼ በሙጫ ረጨሁበት። እንግሊዝ አገር ጠረጴዛ ላይ የሚዋጉት ባላባቶች የቆሙት በጂንካ አፈር ላይ ነው ማለት ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን እስከ ዛሬ አያውቅም፤ ካነበበው ይወቅ።

አሁን ወደ ልጁ ልምጣ። ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል የተከራዩ ከወረዳ የመጡ ተማሪዎች አሉ። አንደኛው የቦዲ ልጅ ነው፣ ከሰላማጎ፣ ከሃና አካባቢ። ዝምተኛ ነው። ማታ ማታ በረንዳዬ ላይ መጥቶ ቆሞ ያያል። አንድ ቀን ብሩሽ ሰጠሁትና ሦስት ወታደሮች ቅባ አልኩት። በማግስቱ ሦስቱን አመጣቸው። አንዱን ቀይና ነጭ ዥጉርጉር አድርጎታል። አንዱ ዳልቻ ነው። ሦስተኛው ጥቁር ሆኖ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው፣ ቦቃ።

«ሁሉም ሰማያዊ ነው የሚሆኑት አላልኩህም?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ሁሉም አንድ ከሆነ አንዱ ሲጠፋ የትኛው እንደጠፋ በምን ይታወቃል?»

መልስ አልነበረኝም። እሱ ከብት ጠብቆ ያደገ ልጅ ነው። ትንሽ ሳለ በጭቃ በሬ እየሠራ፣ ቀንዱን እያጎበጠ፣ ቀለሙን እየለየ ተጫውቷል። የኦሞን ሸለቆ ያጠኑ ሰዎች በዚህ ነገር ተገርመው ጽፈዋል። ጃፓናዊው ካትሱዮሺ ፉኩይ በቦዲ መካከል ኖሮ የከብት ቀለምና የሰው ማንነት እንዴት እንደተሳሰሩ መረመረ። እንግሊዛዊው ዴቪድ ተርተን ስለ ሙርሲዎች የቀለም ስሞች በ1980 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት ርዕሱ ራሱ «እንዲህ ያለ ከብት የለም» የሚል ነው። የቀለም ስማቸው ከከብት ቆዳ የመጣ ነውና በከብት ላይ የሌለ ቀለም ስም ምን ያደርግለታል? ቦዲ ውስጥ ሰው የራሱ ቀለም አለው፤ በዚያ ቀለም ባለው በሬው ይኮራል፣ ይዘፍንለታል። ይህን ስትሰሙ የምትደነቁ ካላችሁ እኛስ? ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ዮሐንስን አባ በዝብዝ፣ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ ያልነው በፈረሳቸው ስም አይደለም ወይ?

የአክስቴ ልጅ የፈለገው ግን ሌላ ነው፣ እሱም ልክ ነው። ጨዋታው ላይ ሁለት ጦር ይሰለፋል። ጠረጴዛው ማዶ የቆመ ሰው የማን ወታደር የማን እንደሆነ በአንድ ዓይን መለየት አለበት። የኛ ሠዓሊዎችም መላ አበጅተውለታል። የየካቲት 23 ቀን 1888ቱን የዓድዋ ሥዕል ያየ ያውቀዋል። የኛ ሰው ሙሉ ፊቱን ሰጥቶ በሁለት ዓይኑ ያያችኋል፤ ጠላት በጎን ተስሎ አንድ ዓይን ብቻ ይኖረዋል። ታፔላ መጻፍ ሳልጀምር ይህንን ሥዕል ስንት ጊዜ እንደገለበጥኩ። ጣልያኖቹን በጎን መሣል እንዴት ቀላል ነበር! አንዱን ከሳልክ ሌላውን መድገም ነው።

ሌሊት ላይ ሰማያዊውን እየቀባሁ ያሰብኩትን ልንገራችሁ። የ2014ን ነገር ነው። ከኣሪ የዞን ጥያቄ ጋር በተያያዘ በተነሣው ሁከት ጂንካና አካባቢዋ ቤት ተቃጠለ፣ ሰው ተፈናቀለ፤ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽንም መግለጫ አወጣ። በነሐሴ 2015 የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ኣሪም ዞን ሆነ። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ ያኔም ብያለሁ፣ ዛሬም እላለሁ። እናቴ ኣሪ ናት። አባቴ ደግሞ ከጎጃም በፖሊስነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። በእነዚያ ቀናት ከሰፈሬ የወጡ ወጣቶች በሬ ላይ ቆመው «ይሄ የማን ቤት ነው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ከመካከላቸው ያንዱን አባት ወፍጮ ቤት ታፔላ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ልጁ ያውቀኛል። ግን ያን ቀን እኔ ታፔላ ጸሐፊው አልነበርኩም፤ ከሁለቱ ወገን አንዱ መሆን ነበረብኝ፣ የትኛው እንደሆንኩ ደግሞ እነሱም አልተስማሙም። እናቴ ወጥታ በኣርኛ ተናገረቻቸው። ሄዱ። ከሦስት ቤት በታች ያለው ሱቅ ግን የሚናገርለት አልነበረውም።

ይህን ለማንም አውርቼ አላውቅም። ለፕላስቲክ ወታደር ዓይን ስሥል መጣብኝ፣ ምን ላድርግ።

የቱሪስቱም ነገር ያው ነው ብዬ አስባለሁ። በመኪና ይመጣል፣ ከንፈሯ ላይ ሸክላ ያላትን ይመርጣል፣ ገላውን በኖራ የተቀባውን ይመርጣል፣ ለፎቶ ከፍሎ ይሄዳል። ፎቶው ላይ ያለው ሰው ስሙ አይጻፍም፤ «የኦሞ ጎሳ» ተብሎ ያልፋል። ያ ልጅ በረንዳዬ ላይ የሒሳብ የቤት ሥራውን ሲሠራ ፎቶ የሚያነሣው የለም። በነገራችን ላይ በሒሳብ ጎበዝ ነው።

ለማንኛውም 37ቱን ሰማያዊ ቀባኋቸው። ገንዘቡ ያስፈልገኝ ነበር ብያችኋለሁ። ሥራው መጥፎ አልወጣም፤ ሰንደቅ ተሸካሚው ላይ ሦስት ሌሊት አጥፍቻለሁ፣ መብራት በሄደ ቁጥር በስልክ ብርሃን። የልጁን ሦስቱን በሰማያዊ ልሸፍናቸው ጥቁሩን ቀለም ከፈትኩና መልሼ ከደንኩት። ካርቶኑን በሰኔ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁ።

ከወር በኋላ የአክስቴ ልጅ ደወለ። በሥራው ተደስቷል፣ ጓደኞቹም እንዲቀባላቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ «ግን 37 ናቸው። የጎደሉት የትኞቹ ናቸው?» አለኝ።

«እስቲ አንተ ንገረኝ» አልኩት። ደርድሮ ሲቆጥር፣ እንደገና ሲቆጥር በስልክ ይሰማኛል። አላወቃቸውም።

ሦስቱ እኔም ዘንድ የሉም። ልጁ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ወደ ሃና ሲሄድ በኪሱ ይዟቸው ሄዷል። ታናሽ ወንድሙ የጭቃ በሬዎች አሉት አሉ።