ላም አለኝ በሰማይ

በእኛ በደቡብ ጎንደር አንድ ሰው ከለመድነው ወጣ ያለ ሐሳብ ይዞ ከመጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ «ሕልመኛ!» ወይም «ላም አለኝ በሰማይ!»። ሐሳቡ ክፉ ነው የሚል ግን የለም። እንዲያውም «ነገሩስ ባልከፋ ነበር» ተብሎ ነው የሚጣለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። መልካምነቱን አምነን፣ ሳንሞክረው እንቀብረዋለን።

ዙምራ ኑሩ ከዚህም የባሰ ተብሏል፤ እብድ። ከልጅነቱ ጀምሮ ያልለቀቀው ጥያቄ ነበረው፦ እናቴ ከአባቴ እኩል ማሳ ላይ ስትደክም ውላ፣ ማታ ለምን እሷ ብቻ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ እግር ታጥባለች? በ1964 ዓ.ም. ከጥቂት ሰዎች ጋር ፎገራ ወረዳ ውስጥ አውራ አምባ የተባለውን ማኅበረሰብ መሠረተ። እዚያ ሴት ታርሳለች፣ ሸማ ትሠራለች፤ ወንድ ይጋግራል፣ ይፈትላል። ለከተማ ሰው ይኼ ቀላል ይመስለው ይሆናል። በአገራችን ግን መወርወሪያ የወንድ፣ እንዝርት የሴት ነው። ጎልማሳ ሰው ቁጭ ብሎ እንዝርት ጭኑ ላይ አሹሮ ሲለቅ ያየ ጎረቤት ምን እንደሚል ደጋውን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከፍ ያለ ሐሳብ ሁሉ አንድ ነው አልልም። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንን ሴባስቶፖልን አሠሯቸው፤ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ። በ1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው ሲነሡ፣ ያን ሁሉ ብረት በገደሉና በሸለቆው መንገድ እየተጠረገለት የሰው ጉልበት መቅደላ አደረሰው። የመቅደላውን ውጊያ ግን አልለወጠውም። ቴዎድሮስን እወዳቸዋለሁ፤ አገራችን መድፏን ራሷ ትሥራ ማለታቸው ዛሬም ያኮራኛል። ነገር ግን ገመዱን የጎተተው ሰው መንገዱን አልመረጠም።

የአውራ አምባ ሰዎች የሐሳባቸውን ዕዳ ራሳቸው ከፈሉ። በደርግ ማብቂያ ዘመን ተሰደው እስከ ቦንጋ ሄዱ። ሲመለሱ መሬታቸው በሌላ ተይዞ ጠበቃቸው፤ የቀረቻቸው ለእርሻ አልበቃ ብትል ወደ ሽመናና ወደ ወፍጮ ዞሩ። ጧሪ ያጣ አረጋዊ የሚጦርበት ቤትም ሠሩ። የአካባቢው ገበሬም እህሉን ተሸክሞ እነሱ ወፍጮ ይመጣል።