ሶፋ ወይስ በርጩማ?

ሠርጌ ሊደርስ አንድ ወር ሲቀረው ከእጮኛዬ ጋር በሶፋ ተኳረፍን፡፡ "ሶፋ የሌለው ቤት እንግዳ አይጠራበትም" ባይ ናት፡፡ ብድር እያፈላለግሁ መሆኑን የሰማ አንድ አርክቴክት ወዳጄ ቅዳሜ ዕለት ሾላ ገበያ ጎትቶ ወሰደኝ፡፡ የበርበሬውን ተራ እያስነጠስን አልፈን መሶብ ገዛ፡፡ ከዚያ እዚያው ሰፈር ያለው ቤቱ ገባን፡፡

የአርክቴክት ቤት ነውና ጉድ አያለሁ ብዬ ነበር፡፡ ሶፋ የለ፣ ቡፌ የለ! ያሉት ከአንድ ግንድ የተፈለፈሉ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማዎች ናቸው፡፡ "ወለሉ ቢጎረብጥም ሦስት እግር አይወላገድም" አለኝ፡፡ "በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ በ2017 ታድሶ ሲከፈት የድሮ ዕቃዎቹ መች ተጣሉ? ተጠግነው ተመለሱ እንጂ! ጥሩ ሥራ ፋሽን አያልፍበትም፡፡"

ሚስቱ ሳቀች፡፡ "እኔ መጀመሪያ አፍሬ ነበር፡፡ ግን ሶፋ ላይ ሁሉም ወደ ቲቪው ይዞራል፤ መሶብ ከበው ሲቀመጡ ፊት ለፊት ነው፤ ኩርፊያ እንኳ አያድርም፡፡"

ብድሩን ተውኩትና ሁለት በርጩማ ገዛሁ፡፡ እጮኛዬ አሁንም አኩርፋለች፤ ግን በርጩማው ላይ ቁጭ ብላ ነው!