የሃላሌ ቀይ አፈርና የእግር ሕክምና

ከወላይታ ሶዶ ተነሥታችሁ ወደ ምዕራብ፥ ወደ ኦሞ ወንዝ በኩል ብትጓዙ በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ያለችውን የሃላሌን ከተማ ታገኛላችሁ። የዳሞታ ተራራ ከኋላችሁ እየራቀ ይሄዳል፤ በግራና በቀኝ እንሰት የከበባቸው ጎጆዎች፥ የጎደሬና የስኳር ድንች ማሳዎች ይታዩአችኋል። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ኦሞ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በወላይታና በዳውሮ መካከል ወንዙን ያቆመው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ያ ጥልቅ ሸለቆ ረዥም ሐይቅ ሆኗል።

ውድ አንባቢዎች ሆይ፥ ዛሬ ግን ዐይናችሁን ከተራራውና ከሐይቁ አንሥታችሁ ወደ መሬቱ እንድትመልሱ እለምናችኋለሁ። አፈሩ ቀይ ነው። ሲዘንብ ከእግር ጋር ይጣበቃል፤ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይልማል። ገበሬውን የሚመግበው ይኸው አፈር ነው፤ በባዶ እግሩ ለሚሄደው ሰው ግን ሌላ ስጦታ አለው። በወላይታ ገበያዎች ልብ ብሎ የሚመለከት ሰው ከሕዝቡ ራቅ ብሎ የተቀመጠ፥ ያበጠ እግሩን በጋቢው ጫፍ የሸፈነ አንድ በሽተኛ አያጣም።

ይህን በሽታ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ ብለውታል። በብዙ አገር ዝሆኔን የሚያመጣው በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነው። በደጋው ቀይ አፈር ላይ የሚታየው ዝሆኔ ግን ከትል የመጣ አለመሆኑን፥ መነሻውም አፈሩ መሆኑን ያስረዱት በኢትዮጵያ የሠሩት ብሪታኒያዊው ሐኪም ዶክተር ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። አፈሩ ከጥንት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። በዐይን የማይታዩ ደቃቅ ቅንጣቶቹ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብተው ውሃ መሰል ፈሳሽ የሚያመላልሱትን ቀጫጭን ቧንቧዎች ያቆስላሉ፥ ይዘጋሉም። ግድብ ወንዙን እንደሚያቁረው ሁሉ ፈሳሹም በእግር ውስጥ ይታቆራል፤ እግሩም ያብጣል።

አንድ ገበሬ ታምሞ በዚያው መሬት የሚያርሰው ጎረቤቱ ጤነኛ የሚሆነው ስለ ምንድን ነው? እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2012 የታተመ፥ በወላይታ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሽታው የሚቀናቸው በትውልድ የተለየ ዝንባሌ ያላቸው ሰዎች መሆናቸውን አሳይቷል። ዝንባሌው ግን ያለ አፈሩ በሽታ አይሆንም። ከሰው ወደ ሰውም ፈጽሞ አይተላለፍም። ይህን ባለማወቅ ስንቱ ትዳር ከልክሏል፤ ስንቱ ተማሪ አፍሮ ከክፍል ቀርቷል!

ከበሽታው የማያንስ ጉዳት የሚያመጣው ግን የችኮላ ሕክምና ነው። እግሩ ያበጠበት ሰው ባንድ ቀን መዳን ይመኛል። ስለዚህ በጋለ ብረት ያስተኩሳል፥ በምላጭ ያስበጣል፥ የሚያቃጥል ቅጠል ያስደርጋል። ፈሳሽ የታቆረበት እግር ደግሞ ቁስሉ ቶሎ አይሽርም፤ በተከፈተው በር ተሐዋስያን ይገባሉ፤ ትኩሳትና ሕመም ሰውየውን ለብዙ ቀን አልጋ ላይ ይጥሉታል፤ ከእያንዳንዱ ትኩሳት በኋላም እብጠቱ ይብሳል። የሐኪም ቢላዋም ቢሆን ዕዳ አለበት። ቀደም ባለው ዘመን ያበጠውን ቆዳ በሙሉ ገፍፎ ሌላ ቆዳ መለጠፍ ይሞከር ነበር። ነገር ግን በሽተኛው በባዶ እግሩ ወደ እርሻው ሲመለስ እብጠቱ ተመለሰ፤ ጠባሳውም እያመመው ጫማ ማድረግ ከለከለው። ዛሬ በቀዶ ሕክምና የሚወጡት፥ ያውም ሲያስፈልግ ብቻ፥ ጫማ የሚከለክሉት እብጠቶች ናቸው።

እንግዲህ መድኃኒቱ ምንድን ነው? በየቀኑ እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፥ በሚገባ ማድረቅ፥ ቅባት መቀባት፥ በፋሻ መጠቅለል፥ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፥ ካልሲና ጫማ አለመለየት ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1998 ጀምሮ ሞሲ ፉት የተባለው ድርጅት በሶዶ ተነሥቶ በወላይታ ይህንኑ ሲያስተምር፥ ላበጠ እግር የሚሆን ሰፊ ጫማም ሲያሠራ ኖሯል። ወደ 700 በሚጠጉ የጎጃም በሽተኞች ላይ የተደረገውና በ2018 የታተመው ምርመራም በዚህ መንገድ የተንከባከቡት ሰዎች የትኩሳታቸው ቀን እንደቀነሰላቸው አረጋግጧል። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። በረኪናው ከበዛ ቆዳን ያቃጥላል፤ ፋሻው ከጠበቀ ይጎዳል፤ እግሩ ግሎ በሚያምበት ጊዜ ደግሞ አይታሰርም።

«ይህ የገበሬ ነገር ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የምትሉ የቢሮ ሰዎች ትኖሩ ይሆናል። እኔም ቀኑን ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት የምቆም አስተማሪ ነኝና የእናንተንም እግር አልረሳሁም። በከተማ ብዙ ሰው በእግሩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጉ ቀይና ሰማያዊ የደም ሥሮች ያወጣል፤ እነዚህንም በሌዘር ማጥፋት የተለመደ ሆኗል። ሌዘር ኀይለኛ ብርሃን ነው። ቆዳውን ዐልፎ የደሙን ቀይ ቀለም ያገኛል፤ እዚያ ሙቀት ይሆንና ሥሩን ይዘጋዋል። ነገር ግን የእኛ ቆዳ ጥቁረትም ያንኑ ብርሃን ይጠጣል። ስለዚህ መሣሪያው ለጥቁር ቆዳ ካልተመረጠ፥ ቆዳውም በሚገባ ካልቀዘቀዘ፥ ውኃ መቋጠር፥ ቃጠሎ፥ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት፥ አንዳንድ ጊዜም ነጭ ነጠብጣብ ወይም ጠባሳ ይተዋል። ከጠፋው ሥር አጠገብም ሌሎች ቀጫጭን ሥሮች ሊወጡ ይችላሉ። ለእግር ሥሮች ብዙ ሐኪሞች በመርፌ የሚሰጠውን መድኃኒት ያስቀድማሉ፤ የሚያጠብቅ ካልሲም ይረዳል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ቢያማችሁ ግን ነገሩ የመልክ አይደለም፤ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

የሃላሌው ገበሬና የከተማው ጸሐፊ በዚህ ይገናኛሉ። ሁለቱም እግራቸውን ለሌላ ሰው እጅ ከመስጠታቸው በፊት፦ «ይህ ሕክምና ምን ያነሣልኛል? ምንስ ትቶብኝ ይሄዳል? በእኔ ዓይነት ቆዳ ላይ ስንት ጊዜ ሠርታችኋል?» ብለው ይጠይቁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለም?

ወደ ሃላሌ የምትሄዱ ወዳጆቼ ሆይ፥ ጫማችሁን አጥብቃችሁ እሰሩ። እግሩ ያበጠ ሰው ስታገኙ እጁን ጨብጣችሁ ሰላም በሉት። አስተማሪ የምትሆኑ ከፊተኛው ወንበር አስቀምጡት፤ በመንግሥት ሥራ ያላችሁም በመስኮታችሁ ፊት አታቁሙት። በባዶ እግሩ የሚሮጥ ሕፃን ብታዩ ደግሞ፥ ከሕክምናው ሁሉ ርካሹና ምንም ጠባሳ የማይተወው መድኃኒት አንድ ጥንድ ጫማ መሆኑን ለወላጆቹ ንገሩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።